ከአልጌ የነዳጅ ዘይት ለማውጣት የሙከራ ጣቢያ እንዴት ይታቀዳል?

«ኩሬው ስንት ካሬ ይሁን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አንዳንዴ የመመረቂያ ሥራ የያዙ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዴ መሬትና ትንሽ ካፒታል ያላቸው ሰዎች። ሁሉም አልጌው (ውሃ ውስጥ የሚያድገው ጥቃቅን አረንጓዴ ሕዋስ) ከሚበቅልበት ኩሬ ይጀምራሉ። የኩሬው ስፋት ግን የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ በሳምንት ምን ያህል ዘይት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ስትመጡ ካሬው ራሱ ይወጣል።

መመሪያውን የጻፍኩት በዚሁ አካሄድ ነው። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ አካባቢ ያለ አነስተኛ ጣቢያ ነው። ሌላ ቦታ ለምትሠሩም ስሌቱ ያው ነው፤ በከፍታ ምክንያት የሚለወጠውን በየቦታው እጠቁማለሁ።

ደረጃ 1፦ ጣቢያው የሚመልሰውን ጥያቄ ጻፉ

የሙከራ ጣቢያ አያተርፍም። የሚሠራው ትልቁን ፋብሪካ ለመሥራት ወይም ላለመሥራት የሚያበቃ ቁጥር ለማግኘት ነው። ስለዚህ ጥያቄው በቁጥር የሚመለስ ይሁን። «አንድ ሊትር ዘይት ለማውጣት ስንት ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «በክረምት ምርቱ በስንት በመቶ ይቀንሳል?» ደግሞ ሌላ ጥሩ ጥያቄ ነው። «አልጌ ያዋጣል ወይ?» ግን ለሙከራ ጣቢያ አይሆንም። ምን መለካት እንዳለባችሁ አይነግራችሁም፤ መለኪያ ያልተገዛለትን ነገር ደግሞ በኋላ ማወቅ አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ከዘይቱ ወደ ኩሬው ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እስክሪብቶ ያዙ።

በቀን 1 ሊትር ዘይት ፈለግን እንበል። ክብደቱ 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። አሁን በየመንገዱ የሚጠፋውን እንይ፦

- ከደረቀው አልጌ 25 በመቶው ቅባት ነው እንበል።
- ከቅባቱ 70 በመቶው ብቻ ወደ ነዳጅ ይለወጣል። የቀረው አረንጓዴ ቀለምና ሌላ ዓይነት ቅባት ነው።
- ማውጫ መሣሪያችሁ ካለው 80 በመቶውን ይይዛል።

0.25 × 0.7 × 0.8 = 0.14 ይመጣል። 0.92ን ለ0.14 ስናካፍል 6.6 ኪሎ ደረቅ አልጌ ያስፈልጋል። ሲለቀም 10 በመቶው ከውሃው ጋር ስለሚያመልጥ ኩሬው በቀን 7.3 ኪሎ ማብቀል አለበት። ክፍት ኩሬ በደህና ቀን በካሬ 12 ግራም ይሰጣል ብለን ብናስብ 610 ካሬ ገደማ ይሆናል።

አሁን ውሃውን እዩት። በክፍት ኩሬ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ግማሽ ግራም ያህል ደረቅ አልጌ ነው። 7.3 ኪሎ ለመልቀም በየቀኑ 14,600 ሊትር ውሃ በመሣሪያችሁ ማለፍ አለበት። አዎ፣ ለአንዲት ሊትር ዘይት። የአልጌ ሥራ ዋናው ራስ ምታት ይሄው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ ሁሉ በአመዛኙ ውሃን ስለማራቅ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ አሥረኛውን ያዙ፤ 60 ካሬ ኩሬ። በቀን 1,460 ሊትር ታጣራላችሁ፣ በሳምንት 4.6 ኪሎ ደረቅ አልጌ ታገኛላችሁ፣ ከእሱም 0.7 ሊትር ያህል ዘይት ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ ዙር ማውጣት ያስችላል፤ ለቁጥር ይህ ይበቃል።

በምሳሌዬ ያሉት መቶኛዎች መነሻ ናቸው። የራሳችሁ ልክ ሲመጣ ተኩአቸውና እንደገና አስሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ60 ካሬ)

- እያንዳንዳቸው 30 ካሬ የሆኑ ሁለት የዙር ኩሬዎች፣ በጂኦመምብሬን ላስቲክ የተሸፈኑ፣ ውሃ የሚያዞር መቅዘፊያ ያላቸው
- ባለ2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት፣ ቢቻል ታቹ ሾጣጣ የሆነ
- የውሃ ፓምፕና የውሃ ቆጣሪ
- የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው፣ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) መለኪያ
- 400 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ
- ስሱ ሚዛን፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ 105 ዲግሪ የሚሞቅ ማድረቂያ ምድጃ
- ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ አልጌውን ከውሃው የሚለይ)፣ በጥቃቅን የመስታወት ዶቃ የሚፈጭ ወፍጮ፣ የፀሐይ ማድረቂያ
- ክዳኑ የሚገጥም የስቴንለስ ስቲል ማውጫ ጋን፣ ኮንደንሰር (ተን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ)፣ የሙቅ ውሃ ገንዳ
- ሄክሴን (ዘይቱን ከአልጌው አሟሙቶ የሚያወጣ ፈሳሽ)፣ ሜታኖልና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ዘይቱን ወደ ነዳጅ የሚቀይሩ)
- የጋዝ መጠቆሚያ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ መነጽር፣ ኬሚካል የሚችል ጓንት
- ኢንቨርተር ከነባትሪው

ሁለት ኩሬ ያልኩት ለቅንጦት አይደለም። አንዱ ሲበላሽ ከሌላው ዘር ይወሰዳል። ሁለት ነገር ለማወዳደርም ሁለት ኩሬ የግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ቦታውን፣ ውሃውንና ጋዙን አረጋግጡ

በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን ከ60 ካሬ 300 ሊትር ይጠፋል፤ አንድ በርሜል ተኩል ማለት ነው። ቆላ ላይ ከዚህም ይብሳል። ይህን የሚተካ ውሃ ዓመቱን ሙሉ መኖሩን ሳታረጋግጡ ቦታ አትከራዩ። የሚተነው ውሃ ጨውን ጥሎ ስለሚሄድ ከጊዜ ወደ ጊዜ የተወሰነውን ውሃ መቀየርም ይኖርባችኋል።

አንድ ኪሎ ደረቅ አልጌ 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላል። ከክፍት ኩሬ ብዙው ወደ አየር ስለሚያመልጥ እጥፉን አስቡ፤ ለምሳሌያችን በቀን ከ2.6 እስከ 3 ኪሎ። ለሙከራ ሲሊንደር ይበቃል። ለትልቁ ፋብሪካ ግን በሲሊንደር የማይታሰብ ነው። ከቢራ መጥመቂያ ወይም ከአልኮል ፋብሪካ አጠገብ መሆን የሚሻለው ለዚህ ነው።

ማዳበሪያው ቀላል ነው፤ በቀን 100 ግራም ያህል ዩሪያና 36 ግራም ያህል ዳፕ።

ስለ አየሩም አንድ ነገር። ደጋ ላይ ፀሐዩ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ኩሬው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር አልጌው ሥራ የሚጀምረው አርፍዶ ነው። በክረምት ደግሞ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዝናቡም ኩሬውን ያቀጥነዋል። ስለዚህ የኩሬው ግድግዳ ከውሃው በላይ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይትረፍ።

ደረጃ 4፦ የአልጌውን ዓይነት ምረጡ

«የጪቱ ሐይቅ ስፒሩሊና አይሆንም?» ትሉኛላችሁ። ለምግብ ይሆናል፣ ለዘይት ግን አይሆንም። በጪቱም ሆነ ቢሾፍቱ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚበቅለው ስፒሩሊና ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ቅባቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። በስሌቱ ላይ 25 በመቶን በ7 ተኩና ኩሬው ስንት ካሬ እንደሚሆን እዩት።

ለጀማሪ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚበቅሉት ክሎሬላና ሴኔደስመስ ይሻላሉ። ጠንካሮች ናቸው፣ የአየር ለውጥም ይችላሉ። ጨዋማ ውሃ ካላችሁ ናኖክሎሮፕሲስ አለ። ቦትሪዮኮከስ ብዙ ዘይት አለው እየተባለ ይወራለታል፤ እውነት ነው፣ ግን እድገቱ እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ክፍት ኩሬ ውስጥ ሌላ አልጌ ይቀድመዋል።

⚠ ከቆቃ ወይም ከሌላ ሐይቅ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ቀድታችሁ አትጀምሩ። ቆቃ ላይ የሚታየው ማይክሮሲስቲስ መርዝ የሚያመነጭ ነው። ዘሩን ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ፣ ንጹሕነቱ ከተረጋገጠ ስብስብ ውሰዱ።

የቅባት መቶኛ ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። ናይትሮጅን ሲነፈገው የብዙ አልጌ ቅባት ይጨምራል፣ እድገቱ ግን ይቀንሳል። በቀን በካሬ 15 ግራም አድጎ 20 በመቶ ቅባት ያለው 3 ግራም ቅባት ይሰጣችኋል። 40 በመቶ ቅባት ኖሮት 5 ግራም ብቻ የሚያድገው የሚሰጠው 2 ግራም ነው። መታየት ያለበት ብዜቱ ነው። ናይትሮጅን መንፈግ ከፈለጋችሁ በአንዱ ኩሬ አሳድጉ፣ በሌላው ለጥቂት ቀናት አስርቡ።

ደረጃ 5፦ ዘሩን አባዙ፣ ኩሬውን ሙሉ

60 ካሬ በ25 ሴንቲሜትር ጥልቀት 15,000 ሊትር ነው። ዘሩን በአንድ ጊዜ ከአሥር እጥፍ በላይ አታሳድጉ፦ 1.5 ሊትር፣ 15፣ 150፣ 1,500፣ ከዚያ 15,000። እያንዳንዱ ዙር ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ለምን አትቸኩሉ እላለሁ? ጥቂት ዘር ብዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቦታው ባዶ ነው፤ ከአየር የወረደ ሌላ አልጌ ወይም አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ቀድመው ይይዙታል።

ጥልቀቱን ከ30 ሴንቲሜትር አታሳልፉ፤ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም። ውሃው በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይሂድ። ከዚህ ካነሰ አልጌው ይዘቅጣል፤ ከበዛ መብራት በከንቱ ይበላል። ፒኤቹን ለክሎሬላ ከ7 እስከ 8 አካባቢ ያዙት። ከ9 በላይ ወጣ ማለት ጋዙ አልቆበታል ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? መቅዘፊያው ይቆማል፣ አልጌው ታች ይከማቻል፣ ሌሊት ከሆነ እዚያው ኦክስጅኑን ጨርሶ መበስበስ ይጀምራል። ኢንቨርተር ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ለዚህ ነው። ቢያንስ መቅዘፊያው ከኢንቨርተሩ ጋር ይያያዝ።

በየጠዋቱ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እዩ። ጤነኛ ክሎሬላ ክብ፣ ንጹሕ አረንጓዴ ነው። ሆዳቸው በአረንጓዴ የተሞላ፣ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሮቲፈሮችን (አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት) ካያችሁ ነገ ሳይሆን ዛሬ ልቀሙ። ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ኩሬው ወደ ቡናማ ይለወጣል።

ደረጃ 6፦ ልቀሙ፣ በሁለት ዙር

1,460 ሊትር በቀጥታ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አትክተቱ። ይቻላል፣ ግን የመብራቱ ፍጆታ ዘይቱ ከሚይዘው ጉልበት ሊበልጥ ይችላል። መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ አዝቅጡት። ያን ጊዜ ወደ 66 ሊትር ይወርዳል። ሴንትሪፊውጁ የሚሠራው በዚህች ላይ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ 3.6 ኪሎ ያህል ወፈር ያለ በሶ የሚመስል ሊጥ ይተርፋችኋል።

ለማዝቀጥ ሦስት አማራጭ አለ። አሉሚኒየም ሰልፌት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን አሉሚኒየሙ ተረፈ ምርቱ ውስጥ ስለሚቀር ለከብት መኖ አይሆንም። ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን ወደ 11 ማድረስም ይሠራል። ሦስተኛው የሽፈራው ፍሬ ዱቄት ነው፤ ለአካባቢ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ፍሬው ራሱ ብዙ ዘይት አለው። ዘይቱ ካልወጣለት በስተቀር የሽፈራውን ዘይት እንደ አልጌ ዘይት ትቆጥሩታላችሁ። ኖራና አሉሚኒየሙም ቢሆኑ ክብደት ይጨምራሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ወስዳችሁ 550 ዲግሪ ላይ አቃጥሉና አመዱን ከክብደቱ ቀንሱ።

ከዝቃጩ በላይ ያለውን ውሃ አትድፉት። መርምራችሁ ወደ ኩሬው መልሱት፤ ማዳበሪያ አለው።

ደረጃ 7፦ ፍጩ፣ በዚያው ቀን አድርቁ

የክሎሬላ ግድግዳ ጠንካራ ነው። ካልተሰበረ ሄክሴኑ ከላይ ከላይ ታጥቦ ይመለሳል። ሊጡን በዶቃ ወፍጮ አሳልፉ። መሰበሩን ለማረጋገጥ ከወፍጮው በፊትና በኋላ ያሉትን ሙሉ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ። አብዛኛው ካልተሰበረ ድገሙ።

የተፈጨውን አታሳድሩ። ሕዋሱ ሲሰበር ቅባት የሚቆርጥ ኢንዛይም ይለቀቃል፤ ቅባቱ ወደ ነጻ አሲድ ይለወጣል፤ ያ አሲድ በደረጃ 9 ሳሙና ሆኖ ይቆያችኋል።

በምን ይድረቅ? ስሌቱ ይኸው። ከ3.6 ኪሎ ሊጥ 3 ኪሎ ያህል ውሃ ይወጣል። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.6 ሜጋጁል ያህል ይፈልጋል፤ በድምሩ 7.8። ከዚያ ሊጥ የምታገኙት ዘይት ያለው ጉልበት 3.4 ሜጋጁል ገደማ ነው። በመብራት ወይም በጋዝ ካደረቃችሁ ከምታመርቱት ከእጥፍ በላይ አቃጠላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፀሐይ። 3 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ስትዘረጉት አንድ ካሬ ከሩብ ያህል ይበቃዋል። ከላይ ይሸፈን፣ ከሥር አየር ያግኝ። ሲደርቅ በጣት ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት። እርጥበቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ሄክሴን አይገባውም።

ደረጃ 8፦ ዘይቱን አውጡ

የሳምንቱን 4.6 ኪሎ ዱቄት በሦስት ዙር እጠቡ፤ በእያንዳንዱ 12 ሊትር ያህል ሄክሴን። አንዴ በ36 ሊትር ከማጠብ ሦስቴ በ12 ማጠብ የተሻለ ያወጣል፣ ምክንያቱም በየዙሩ ንጹሕ ሄክሴን ነው የሚገባው። አጣሩ፣ ሄክሴኑን በኮንደንሰር መልሳችሁ ሰብስቡ፣ ዘይቱ ይቀራል።

ሄክሴን በባሕር ወለል ላይ 69 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 60 አካባቢ ነው። 75 ዲግሪ የሆነ ሙቅ ውሃ በቂ ነው፤ ኮንደንሰሩ ግን መጽሐፍ ላይ ያለውን የባሕር ወለል ሙቀት አምኖ ከተገዛ ሊያንስ ስለሚችል ሰፋ ያለ ይሁን።

⚠ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦

- ሄክሴን ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። አየር ውስጥ 1.1 በመቶ ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።
- ተኑ ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይንሸራተታል። ጣሪያ ላይ ያለ መስኮት አያድናችሁም። ማናፈሻውም የጋዝ መጠቆሚያውም ወለሉ አጠገብ ይሁኑ።
- በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በከሰል ወይም በቡታጋዝ በፍጹም አታሙቁ። ውሃው ሌላ ክፍል ሞቆ በቧንቧ ይምጣ።
- ተራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስልክና ሲጋራ ክፍሉ ውስጥ አይግቡ። ጋኑና በርሜሎቹ ከመሬት ጋር በሽቦ ይገናኙ።
- ለረጅም ጊዜ መተንፈሱ ነርቭ ይጎዳል። ሽታው ከተሰማችሁ ሥራ አቁሙ።

ይህ ክፍል ከሌላው ሕንፃ ተነጥሎ ይሠራ። ንድፉንም ከመገንባታችሁ በፊት ለእሳት አደጋ ባለሙያ አሳዩ።

የገባውንና የተመለሰውን ሄክሴን በየዙሩ መዝግቡ። 36 ገብቶ 30 ከተመለሰ ስድስቱ ሊትር የት ነው? ከፊሉ ዱቄቱ ውስጥ ነው፤ ቀሪው የምትተነፍሱት አየር ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ወደ ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ የናፍጣ ምትክ) ቀይሩ

በመጀመሪያ አሲዱን ለኩ። ነጻው አሲድ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ቀጥታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አትጨምሩ፤ ሳሙና ይሆናል። መጀመሪያ በሜታኖልና በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ይታከም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሊትር ዘይት 200 ሚሊሊትር ያህል ሜታኖል ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር ይገባል።

የባዮዲዝል መጻሕፍት «60 ዲግሪ ላይ አሙቁ» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ሜታኖል 58 አካባቢ ላይ ይፈላል! ክፍት ዕቃ ውስጥ ከሠራችሁ ሜታኖሉ ተኖ ያልቅና «ለምን አልተለወጠም?» ትላላችሁ። ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ላይ፣ ኮንደንሰር በተገጠመለት ዕቃ፣ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ሥሩ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል፤ ጓንትና መነጽር አይለያችሁ።

የተለመዱ ስህተቶች

አረንጓዴውን ዝልግልግ በሙሉ «ዘይት» ብሎ መመዘን ዋነኛው ነው። ከሄክሴን የወጣው ሁሉ ነዳጅ አይሆንም። ትክክለኛው ቁጥር ወደ ባዮዲዝል ከተለወጠ በኋላ የሚመዘነው ነው። በጣም የተጋነኑ የምርት ወሬዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ይመስለኛል።

ሌላው የላብራቶሪን ቁጥር ለኩሬ መጠቀም ነው። መብራት በርቶለት፣ ሙቀቱ ተጠብቆለት፣ ብልቃጥ ውስጥ ያደገ አልጌ ሜዳ ላይ እንደዚያ አያድግም። የአንድ ጥሩ ሳምንትን ምርት በ52 ማባዛትም ያው ነው፤ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ለኩ።

የመብራት ቆጣሪ አንድ ብቻ ማስገባትም የተለመደ ነው። መቅዘፊያው፣ ፓምፑ፣ ሴንትሪፊውጁና ወፍጮው ለየብቻ ቆጣሪ ከሌላቸው መብራቱን የትኛው እንደበላባችሁ አይታወቅም።

ደረጃ 10፦ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ገንቡ

ብዙዎች ኩሬውን ቆፍረው፣ አልጌው ደርሶ፣ ማውጫው ገና ጉምሩክ ላይ ይሆናል። የተለቀመ አልጌ ደግሞ አይጠብቅም፤ በሰዓታት ይሸታል። ስለዚህ ማውጫ ክፍሉን አስቀድሙ። አልጌ እስኪደርስ በኑግ ሞክሩት። ጥቂት ኪሎ ኑግ ፍጩና ግማሹን ለላብራቶሪ ልካችሁ የዘይቱን መጠን አስለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሆናል። ሌላውን ግማሽ በራሳችሁ ጋን አውጡ። ላብራቶሪው ካገኘው 90 በመቶውን ካላገኛችሁ ችግሩ ከመሣሪያው ነው፤ አልጌ ሳይገባበት አስተካክሉት። የሄክሴን ፍሳሽም የሚታወቀው በዚሁ ሙከራ ነው።

ማውጫው ሲያልፍ የዘሩን 1.5 ሊትር ጀምሩ። ዘሩ 1,500 ሊትር እስኪደርስ ባለው አንድ ወር ገደማ ውስጥ ማድረቂያውና ሮቶዎቹ ይተከላሉ፣ የኩሬው ላስቲክም ይዘረጋል። ኩሬውን ከመዝራታችሁ በፊት በባዶ ውሃ ሞልታችሁ ለሦስት ቀን መቅዘፊያውን አዙሩና ከትነት በላይ የሚቀንስ ውሃ ካለ የላስቲኩን ስፌት ፈትሹ።